36 አባላት በአምስት ከተሞች፦ ለበይነ መረብ ስብሰባ የትኛውን መሣሪያ እንምረጥ?

ጥያቄ

«አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተቀራራቢ ዓመታት የተማርን 36 ሰዎች ማኅበር አቋቁመን፣ ለቀድሞ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በማደራጀት ላይ እንገኛለን። ከግማሽ በላይ የምንሆነው አዲስ አበባ ስንኖር፣ የቀሩት ዋሽንግተን ዲሲ፣ ስቶክሆልም፣ ኢየሩሳሌምና ዱባይ ናቸው። በርከት ያልነው ጡረታ ወጥተናል። በየወሩ በኢንተርኔት እንሰበሰባለን፤ ነገር ግን ስብሰባው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ነጻው ዙም በየ40 ደቂቃው እየተቋረጠብን እንደገና እንገባለን፣ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ምን እንደተወሰነም በማግሥቱ እንከራከራለን። ገሚሱ ወደ ዋትስአፕ እንዛወር ይላል። አንድ አባላችን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ሚሮ የተባለ ዲጂታል ሰሌዳና ሌሎች መሣሪያዎችን እንድንገዛ ሐሳብ አቅርቧል። አማራጮቹን አጥንቼ እንዳቀርብ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። ምን ይመክሩኛል?»

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ አራት ችግሮች ጠቅሰዋል፤ የስብሰባው መቋረጥ፣ የስብሰባው መርዘም፣ ጥቂቶች ብቻ መናገራቸውና ውሳኔው ሳይጨበጥ መቅረቱ። ከአራቱ መካከል በቀጥታ የመተግበሪያው ጉዳይ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ የአመራር ጉዳዮች ናቸው፤ ሆኖም የምትመርጡት መሣሪያ ወይ ያቃልላቸዋል ወይ ያባብሳቸዋልና ከምርጫው ተነጥለው ሊታዩ አይገባም። ስለዚህ «የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?» ከሚለው አስቀድሞ «ማኅበራችን ሲሰበሰብ ምን ምን ይሠራል?» የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ሥራችሁ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሪፖርት ትሰማላችሁ፣ ትወያያላችሁ፣ ትወስናላችሁ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መሣሪያ፣ ሁሉም ሰው በተገኘበት መከናወን አለባቸው የሚያሰኝ ምክንያት የለም። ምክሬን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ሪፖርቱን ከስብሰባው አውጡት፣ ለውይይቱ በዙም ቀጥሉና አንድ ፈቃድ ብቻ ግዙ፣ ውሳኔውን ደግሞ ሁሉም እያየው በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ጻፉት። ሌላ የሚገዛ ነገር አይታየኝም።

ምርጫው መጀመር ያለበት በኔትወርክም ሆነ በስልክ አቅም ከሁሉም ያነሰ ዕድል ካለው አባል ነው። ስቶክሆልም ያለው አባላችሁ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ ዋይፋይ ይኖረው ይሆናል፤ አዲስ አበባ ያሉት ጡረተኛ ግን ምናልባት የሚገቡት በስልካቸው፣ በገዙት የሞባይል ዳታ፣ መብራት ከጠፋም ባትሪው እስከፈቀደ ድረስ ነው። ለእሳቸው የማይመች መሣሪያ ለሌሎቹ ምንም ያህል ቢመች ለማኅበሩ አይሆንም። ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ዙም ራሱ ባወጣው መለኪያ መሠረት በድምፅ ብቻ መሳተፍ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይፈልጋል። ይህ በሰዓት ሲሰላ (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) በአንድ አቅጣጫ ቢበዛ 36 ሜጋባይት፣ የሚላከውና የሚገባው ሲደመር ደግሞ 72 ሜጋባይት ያህል ነው። ጥራት ያለው የቡድን ቪዲዮ ግን ለመላክ አንድ ሜጋቢት፣ ለመቀበል 600 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሚጠይቅ ድምሩ በሰዓት 720 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል፤ ከድምፁ አሥር እጥፍ ማለት ነው። በአንጻሩ ያለ ቪዲዮ ስክሪን ማጋራት ከ50 እስከ 75 ኪሎቢት ብቻ ይወስዳል። ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን፤ በስክሪን ላይ የተጻፈ አጀንዳ ማሳየት የሰዎችን ፊት ከማሳየት እጅግ የረከሰ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ ተሳታፊ የራሱን ካሜራ ሲያጠፋ የሚቆመው እሱ የሚልከው ቪዲዮ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ምስል ወደ ስልኩ መግባቱንና ዳታውን መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ «ኔትወርክ የሌላችሁ ካሜራ አጥፉ» ማለት ችግሩን አያቃልልም። ደንቡ ለሁሉም መሆን አለበት። እኔ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሁሉም ካሜራ ከፍቶ ሰላም እንዲባባል ነው። ይህን ሰላምታ እንደ ጊዜ ማባከን የሚቆጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በሐሳባቸው ፈጽሞ አልስማማም። ለዓመታት ያልተያዩ የትምህርት ቤት ጓደኞች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ወደ አጀንዳ ቢገቡ የማኅበሩ መንፈስ ይቀዘቅዛል። ከሰላምታው በኋላ ግን ሁሉም ካሜራ ይጥፋ፣ የሚታየው የተጋራው ሰነድ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ አማራጮቹ እንምጣ። ዋትስአፕ ለእናንተ አይሆንም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንድ የቡድን ጥሪ የሚያስገባው ቢበዛ 32 ሰው ነው፤ እናንተ 36 ናችሁ። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዱባይ አባላችሁ ጉዳይ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በኢንተርኔት መደወል የሚቻለው ፈቃድ ባገኙ አገልግሎቶች ብቻ ሲሆን፣ በዋትስአፕ መልእክት መላክ ቢቻልም መደወል ታግዷል። ዙምና ማይክሮሶፍት ቲምስ ግን ይሠራሉ። ወደ ዋትስአፕ ብትዛወሩ ዱባይ ያለውን ሰው ሳታስቡት ከማኅበሩ አስወጣችሁት ማለት ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ነዋሪ አባል ያለው ማንኛውም ማኅበር መሣሪያ ከመምረጡ በፊት ይህን መጠየቅ ይኖርበታል።

ጎግል ሚት ጥሩ አማራጭ ነው። በነጻው አገልግሎት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚገኙበት ስብሰባ 60 ደቂቃ ድረስ ይፈቀዳል፣ እስከ 100 ሰው ይይዛል። የማይክሮሶፍት ቲምስ ነጻ አገልግሎትም በሰዓትም በሰው ቁጥርም ከዚህ ጋር እኩል ነው፤ ሆኖም ለቢሮ ሥራ የተበጀ በመሆኑ በወር አንድ ጊዜ ለሚገናኝ ማኅበር ነገሩን ያወሳስበዋል። ጂትሲ ሚት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ አገልግሎት ነው፤ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ድረ ገጽ ስብሰባ የሚከፍተው ሰው በጎግል ወይም በመሰል አካውንት መግባት ይጠበቅበታል። ለአምስት ለስድስት ሰው የኮሚቴ ስብሰባ እመክረዋለሁ፤ ከሠላሳ በላይ ሰው በስልክ ለሚገባበት ጉባኤ ግን አልመርጠውም። ቢግብሉበተን የተባለውም ለማስተማር ታስቦ በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረ በጣም ጠቃሚ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የራስን ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ይፈልጋል።

ዙምን የመረጥኩት አባላቶቻችሁ ስለለመዱት ነው። ይህ ትንሽ ምክንያት ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አንድ የሰባ ዓመት ሰው «ጆይን» የሚለውን ተጭኖ፣ ድምፁን ከፍቶና ዘግቶ፣ እጅ ማንሳት ተምሮ ከጨረሰ በኋላ አዲስ መተግበሪያ ጫን ማለት ያንን ሁሉ ትምህርት ማፍረስ ነው። በዚያ ላይ ዙም ተሳታፊውን አካውንት ክፈት አይለውም፣ ስብሰባውን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል ያስችላል። ጎግል ሚት ይህን የመከፋፈል አገልግሎት የሚሰጠው ለከፋዮች ብቻ ነው። የ40 ደቂቃው ገደብ የሚነሳው ደግሞ ስብሰባውን የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ሲከፍል ነው፤ ሌሎቹ 35 አባላት ምንም አይከፍሉም። ዝቅተኛው የክፍያ እርከን፣ ማለትም ፕሮ የሚባለው፣ 100 ሰው ይይዛል፣ አንድን ስብሰባ እስከ 30 ሰዓት ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚህ በላይ የሆነ ፓኬጅ አያስፈልጋችሁም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በካርድ ስለሚፈጸም ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም አባላት አንዱ ቢከፍለውና ከመዋጮው ቢታሰብለት ይቀላል። አካውንቱ ግን በግለሰቡ ኢሜይል አይከፈት፤ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ኢሜይል ይሁን።

መክፈል የማትፈልጉ ወይም የማትችሉ ከሆነ ጎግል ሚት ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ያኔ ስብሰባውን ከ60 ደቂቃ በታች ማድረግ ግድ ይሆናል። ሊሆንም ይችላል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምነግርዎት ነገር በዙምም ሆነ በሚት የስብሰባውን ግማሽ የሚያሳጥር ነው።

በሁለት ሰዓቱ ስብሰባ ውስጥ ሪፖርት ማንበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በሚቀጥለው ወር ሰዓት ይዘው ይመልከቱ። ገንዘብ ያዡ ቁጥሮቹን በቃል ሲያነብ፣ አንዱ «አልሰማሁም፣ ይድገምልኝ» ሲል፣ የሌላው ሲቆራረጥ፣ ብዙ ማኅበራት የሚያሳልፉት የስብሰባ ጊዜ ይኸው ነው። ሪፖርት ውይይት አይፈልግም፤ መደመጥ ወይም መነበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሒሳብና የሥራ ሪፖርቱ ስብሰባው ሊደረግ አምስት ቀን ሲቀረው በቴሌግራም ግሩፓችሁ ይለቀቅ፤ ጽሑፉ በፒዲኤፍ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት። ማንበብ የሚከብዳቸው አባላት ድምፁን ይሰማሉ፣ ኔትወርክ ሲያገኙ ያወርዱታል፣ ደግመው ያዳምጡታል። ዱባይ ያለውም ሰው ከሥራ ሲመለስ ይሰማዋል። ጥያቄ ያለው እዚያው ይጠይቅ፣ ገንዘብ ያዡም እዚያው ይመልስ። ስብሰባው ላይ የሚቀርበው «ሪፖርቱ ይጽደቅ ወይስ የሚታረም አለ?» የሚለው ብቻ ይሆናል።

የሚሮን ሐሳብ ያቀረበው አባላችሁ ክፉ አላሰበም። ሚሮ በቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ለተቀመጡና የአዲስ ምርት ዕቅድ ለሚያወጡ ሰዎች እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በነጻውም ሦስት ሰሌዳ ማዘጋጀት ይቻላል። ነገር ግን ስልክ ላይ፣ በጣት እየጎተቱ፣ ትንንሽ ወረቀቶችን በሰፊ ሰሌዳ ላይ መፈለግ ለወጣቱም ይከብዳል። የአባላቶቻችሁ ገሚስ ተመልካች ብቻ ሆነው ይቀራሉ፤ ቀድሞውኑም ችግራችሁ የሚናገሩት ጥቂቶች መሆናቸው ነበር። ሌላም ስጋት አለኝ። የእነዚህ መሣሪያዎች ዕድሜ በእጃችን አይደለም። ጎግል ጃምቦርድ የተባለውን ሰሌዳውን በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘግቶታል፤ ዳያስፖራው ከቤተሰቡ ጋር ለዓመታት የተገናኘበት ስካይፕም በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የማኅበሩ መዝገብ በአንድ ኩባንያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። የትም ብትጽፉት በየወሩ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂም አትማችሁ ፋይል ውስጥ አኑሩ።

ሰሌዳው ሊሠራላችሁ የታሰበውን ሥራ አንድ ተራ የጎግል ዶክስ ሰነድ ይሠራዋል። እዚህ ላይ በዝርዝር መሄድ እፈልጋለሁ፤ «ምን እንደተወሰነ በማግሥቱ እንከራከራለን» ላሉት ችግር መድኃኒቱ እዚህ ነው። አንድ ሰነድ ይክፈቱና ለዓመቱ ስብሰባዎች ሁሉ እሱን ይጠቀሙ፤ አዲሱ ስብሰባ ከላይ ይጻፍ፣ የቆየው ወደ ታች ይውረድ። የማረም መብት ለእርስዎ፣ ለሰብሳቢውና ለአንድ ረዳት ብቻ ይሰጥ፤ ሌሎቹ አስተያየት መጻፍ ይችሉ። ማን መቼ ምን እንደለወጠ በሰነዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጥርጣሬ አይኖርም። በስብሰባው ጊዜ ስክሪኑን ያጋሩና ሰነዱን ትልቅ አድርገው ያሳዩ፤ በስልክ የሚያዩት እንዲያነቡት ፊደሉ መግዘፍ አለበት። ሰብሳቢው «ይህን ወስነናል» ሲል እርስዎ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉም እያየ ይጻፉት፣ ከዚያም ጮክ ብለው ያንብቡት።

እንበልና «የመጻሕፍት መደርደሪያ እንዲገዛ ተወሰነ» ብለው ጻፉ። ወዲያው አንዱ «ማን ነው የሚገዛው?» ይላል። ሌላዋ «ስንት መደርደሪያ? ከየት?» ትላለች። ሦስተኛው «እኔ የተስማማሁት ዋጋው መጀመሪያ ይጠና በሚለው ነው» ይላል። በማግሥቱ ሊነሳ የነበረው ክርክር እዚያው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ያልቃል፤ በስክሪኑ ላይም የሚቀረው «የግዢ ኮሚቴው እስከ ኅዳር 30 ቀን ከሦስት አቅራቢዎች የአሥር መደርደሪያ ዋጋ አሰባስቦ ለሥራ አስፈጻሚው እንዲያቀርብ ተወሰነ» የሚል ይሆናል። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉት ሦስቱ ያልተመለሱበት ዓረፍተ ነገር ገና ውሳኔ አልሆነምና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አይለፉ። ስብሰባውን በቪዲዮ መቅዳት ይህን ይተካል ብለው የሚያስቡ አሉ። የሁለት ሰዓት ቅጂ ከፍቶ ውሳኔ የሚፈልግ ሰው ግን የለም፤ አባላትም እየተቀዱ መሆኑን ሲያውቁ ንግግራቸውን ይቆጥባሉ። ለመቅዳት ከወሰናችሁም አስቀድሞ ይነገር፣ የሚቃወም ካለም ይከበርለት።

ስለ ዝምተኞቹ አባላት፦ 30 ሰው በሚያዳምጥበት መድረክ ላይ ማይክ ከፍቶ መናገር ለብዙ ሰው፣ በተለይም ለእኛ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ታላቅ ሲናገር አቋርጦ መግባት ነውር ነው፣ የቀደመውን ተናጋሪ መቃወምም እንደ ድፍረት ይታያል። «ሐሳብ ያለው?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ሁልጊዜ ለእነዚያ አምስት ስድስት ሰዎች በር መክፈት ነው። የዙም ትናንሽ ክፍሎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ለዋናው አጀንዳ ተሰብሳቢውን አራት አራት ሰው አድርጋችሁ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ከፋፍሏቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አዲስ አበባ የሚኖርና ውጭ የሚኖር ይቀላቀል። የሚሰጣቸው ጥያቄ አንድና ግልጽ ይሁን። «ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ተወያዩ» ቢባሉ ስለ ቤተሰባቸው ሲጠያየቁ ጊዜው ያልቃል። «በእጃችን ባለው ገንዘብ መጀመሪያ መደርደሪያ እንግዛ ወይስ መጻሕፍት? ለምን?» ቢባሉ ግን መልስ ይዘው ይመለሳሉ። መልሱን ለጉባኤው የሚያቀርበው በባለፈው ስብሰባ ያልተናገረ ሰው ይሁን የሚል ደንብ ቢኖር ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፁን ያልሰማችሁት አባል አይኖርም።

ኔትወርኩ ደክሞ ክፍሎቹ ካስቸገሩ በከተማ ተራ መዞር ይቻላል፤ ዱባይ፣ ኢየሩሳሌም፣ ስቶክሆልም፣ ዋሽንግተን እያላችሁ፣ አዲስ አበባን በመጨረሻ። ብዙ ቁጥር ያለው ወገን መጨረሻ ሲናገር ጥቂቶቹ ይደመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ መሆኑ በመክፈቻው ላይ ይነገር። ሰዓት ጠባቂ የሚሆን አባል ተመድቦ አንድ ደቂቃ ሲቀር ለተናጋሪው ለብቻው በቻት ይላክለት፤ በሰው ፊት «ጊዜዎ አልቋል» ከመባል ይህ ክብር ይጠብቃል። በቻት መጻፍ የሚፈልጉ ግን በአማርኛ ፊደል መጻፍ የሚከብዳቸው አባላት ጂቦርድ የተባለውን የጎግል ኪቦርድ ስልካቸው ላይ ቢጭኑ በአማርኛ ሲናገሩ ወደ ጽሑፍ ይለውጥላቸዋል፤ ስሕተት ቢኖረውም ሐሳባቸው ይደርሳል። በላቲን ፊደል የተጻፈውም ተቀባይነት ይኑረው። ቻቱን እየተከታተለ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው ግን ከሰብሳቢው ሌላ መመደብ አለበት፤ ሰብሳቢ ሁለቱንም በአንድ ላይ ሊሠራ አይችልም።

ድምፅ ለመስጠት አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። የቴሌግራም የድምፅ መስጫ ይበቃል። ድምፅ የሰጠው ሰው ማንነት እንዳይታይ ሆኖ ነው በራሱ የሚከፈተው፤ ስትፈልጉ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምመክረው የገንዘብ ውሳኔ ማንነት እየታየ፣ የአመራር ምርጫ ደግሞ በምስጢር እንዲሆን ነው። ለሁለት ቀን ክፍት ይሁን፣ በስብሰባው ያልተገኘም ድምፁን ይስጥ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ድምፅ መስጠት መቻሉ ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ አባላት ብቻ የሚገኙበት የተለየ ግሩፕ ይኑራችሁ፣ ሁለት ስልክ ያለው ሰውም በአንዱ ብቻ ይግባ።

የስብሰባ ሰዓት የመሣሪያ ምርጫ ባይሆንም ካልተስተካከለ የትኛውም መሣሪያ አይረዳም። እሑድ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ያኔ በፈረንጅ ሰዓት ዋሽንግተን በክረምታቸው እኩለ ቀን፣ በበጋቸው ከቀትር በኋላ 1፡00 ይሆናል፤ ከቅዳሴና ከጸሎት የሚመለሱት ይደርሳሉ። ስቶክሆልም በዚያው አቆጣጠር 6፡00 ወይም 7፡00፣ ኢየሩሳሌም 7፡00 ወይም 8፡00፣ ዱባይ ዓመቱን ሙሉ 9፡00 ከምሽቱ ነው። በማስታወቂያው ላይ የኢትዮጵያን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ የየከተማውን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ለያይታችሁ ጻፉት፤ «2 ሰዓት» ብቻ ቢባል ስቶክሆልም ያለው ሰው ከቀትር በኋላ ገብቶ ብቻውን ይጠብቃል። ቀኑም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፍ። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓውያን ግን በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ፣ ሁለቱም በፈረንጅ ወር፣ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ያለፈው ወር ሰንጠረዥ አይሠራም። እኛ ሰዓት ስለማንቀይር የማይለወጠው መነሻ የአዲስ አበባው ይሁን።

ስለ ደኅንነት ብዙ አልልም። የስብሰባው ሊንክ በየወሩ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አዛውንቶቹም ያስቀምጡት፤ ነገር ግን በፌስቡክ ገጽ ላይ አይለጠፍ። ዙም መጠበቂያ ክፍል (Waiting Room) የሚለው ይከፈት፤ ተሳታፊው ስሙንና ከተማውን ጽፎ ካልገባ አይፈቀድለት። ሰብሳቢው አዲስ አበባ ከሆነ ረዳት አስተናጋጅ የሚሆን ሌላ ሰው ከውጭ ይሾም፤ የአዲስ አበባው መብራት ቢጠፋ ስብሰባው በእሱ ይቀጥላል። ቴሌግራም ላይ ብዙ ነገር እንድትሠሩ ስለመከርኩ አንድ ነገር ልጨምር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። ስለሆነም የ36ቱም አባላት ስልክ ቁጥርና ኢሜይል በወረቀት ይያዝ፤ መስመሩ ቢዘጋ ሪፖርቱ በኢሜይል፣ ጥሪው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያቅርቡባቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርቱን ብቻ ያውጡ፤ ቀጥሎ ባለው የጋራ ሰነዱን ይጀምሩ፤ ትናንሾቹን ክፍሎች በሦስተኛው ይሞክሩ። ከስብሰባው አንድ ቀን አስቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ሊንኩን ከፍተው ቢጠብቁና ድምፃቸውን መሞከር የሚፈልጉ አባላት ገብተው ቢለማመዱ በዋናው ቀን «ይሰማል? አይሰማም?» የሚለው ይቀራል። በየስብሰባው ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደተናገረ፣ ስንት ውሳኔ ከነባለቤቱና ከነቀኑ እንደተጻፈ በሰነዱ ግርጌ ይመዝግቡ። ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ የተናጋሪው ቁጥር ካልጨመረ ችግሩ ከመሣሪያው አይደለምና ሰብሳቢነቱ በየወሩ በዙር እንዲሆን ሐሳብ ያቅርቡ። የዙሙ ፈቃድ መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ይገዛ፤ ለዓመት የሚከፈለው ከሙከራው በኋላ ነው። የማኅበሩ ኢሜይል፣ የዙሙ አካውንትና የሰነዱ የይለፍ ቃሎች በታሸገ ፖስታ ለሰብሳቢውና ለገንዘብ ያዡ ይሰጡ፤ አመራሩ በሚለወጥበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ርክክቡ ራሱን የቻለ አጀንዳ ተይዞለት በቃለ ጉባኤ ይፈረምበት።